ደመወዝ ከፋዩ ማን ነው?

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በዚህ የአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ጉዳይ የሚወጡትን ልዩ ልዩ አስተያየቶች ስከታተል ቆይቻለሁ። ባለፈው ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት የተነሣ አንድ ክርክር እኔንም ብዕር ስላስነሣኝ፣ ለአንባብያን ይጠቅማል ብዬ ያሰብኩትን ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

ክርክሩ የተነሣው ስለ አሜሪካ የበርገር ቤት ሠራተኞች ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በርገር የሚጠብስ ሠራተኛ በሰዓት 20 ዶላር እንዲከፈለው በሕግ መደንገጉን አጫወተን። ሌላው ባልደረባችን ወዲያው እርሳሱን አንሥቶ ዶላሩን በብር አባዛና፣ «ይህ ሰው በአንድ ቀን የሚያገኘው የእኔን የወር ደመወዝ ይበልጣል፤ ታዲያ ምን ጎደለባቸውና ነው አድማ የሚመቱት?» ሲል ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ጥያቄው በሳቅ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ለምን ቢባል፣ ሰዎቹ የጎደለባቸው ነገር ገንዘብ ብቻ እንዳልነበረ ጉዳዩን በጥሞና የተከታተለ ሁሉ ሊረዳው ይችላልና ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ የአገራችንን ጉዳይ ከሚመለከቱት በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የዶላሩን ነገር እንመልከት። ገንዘብ የሚመዘነው በሚወጣበት ገበያ እንጂ በሌላ አገር ገበያ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት የደነገገው ዝቅተኛው የደመወዝ ልክ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ይህ ልክ የተወሰነው በ2009 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የቤት ኪራዩም የሕክምናውም ዋጋ ሲወጣ እርሱ ከ15 ዓመት በላይ ካለበት ሳይነቃነቅ ቆይቷል። አንድ ሠራተኛ በዚህ ልክ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት አንድም ቀን ሳይቀር ቢሠራ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚያገኘው 15 ሺህ 80 ዶላር ነው። ይህም ግብር ሳይነሣለት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ፋስት ፉድ በሚባሉት የፈጣን ምግብ ቤቶች ሙሉ 40 ሰዓት የሚሰጠው ሠራተኛ ጥቂት ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ «ዛሬ አታስፈልግም» ተብሎ ይመለሳል፤ የሚመጣው ሳምንት የሥራ ሰዓቱ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ስለማያውቅ ልጁን የሚጠብቅለት ሰው መቅጠርም፣ ትምህርት መማርም ይቸግረዋል።

ሒሳብ ሠሪ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚረዳው አንድ ማስረጃ ልጨምር። በ2013 ማክዶናልድስ የተባለው ታላቅ የምግብ ቤቶች ኩባንያ ከቪዛ ኩባንያ ጋር በመተባበር፣ ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን በቁጠባ እንዲይዙ የሚያስተምር የወር በጀት ናሙና አዘጋጅቶ ነበር። በናሙናው ላይ በገቢ ዓምድ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ «የመጀመሪያው ሥራ 1 ሺህ 105 ዶላር፣ ሁለተኛው ሥራ 955 ዶላር» ይላል። በወጪው ዓምድ ደግሞ ለቤት ኪራይ 600 ዶላር፣ ለጤና መድን 20 ዶላር፣ ለቤት ማሞቂያ ባዶ ተጽፎ ነበር። ትችት ሲበዛበት ማሞቂያው በኋላ ታርሟል። ይሁን እንጂ ትልቁ ቁም ነገር ማሞቂያው አይደለም። አሠሪው ራሱ በገዛ ቅጹ ላይ «የእኔ ደመወዝ ብቻውን አያኖርህም፤ ሌላ ሥራ ፈልግ» ብሎ መጻፉ ነው። እንዲህ ያለ በጀት ለበላይ ኃላፊ ቢቀርብ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አንባብያን ያውቃሉ።

ታዲያ የጎደለውን ማን ይሞላዋል? በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በፈጣን ምግብ ቤቶች በግንባር ከሚሠሩት ሠራተኞች ቤተሰቦች ውስጥ 52 ከመቶው በምግብም በሕክምናም ወይም በሌላ መንገድ የመንግሥት ዕርዳታ ተቀባዮች መሆናቸውን ገልጸዋል፤ ይህም በዓመት ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ ነበር። እንግዲህ ኩባንያው ያልከፈለውን ደመወዝ ግብር ከፋዩ ሕዝብ ይከፍለዋል ማለት ነው። በርገሩን የሚበላውም የማይበላውም እኩል ያዋጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንዲህ ከሆነ ለምን ከአሠሪያቸው ጋር ተነጋግረው አያስተካክሉም?» ሊል ይችላል። የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

የነዚህ ምግብ ቤቶች አሠራር እንደሚከተለው ነው። ስሙ በዓለም የታወቀው ኩባንያ አብዛኞቹን መደብሮች ራሱ አያስተዳድርም። ለምሳሌ ከማክዶናልድስ መደብሮች ውስጥ 95 ከመቶ ያህሉ የንግድ ስሙን በውል በተቀበሉ ነጋዴዎች እጅ ናቸው፤ ይህም አሠራር ፍራንቻይዝ ይባላል። ነጋዴው ለስሙ ይከፍላል፤ ከሽያጩም በመቶኛ ይከፍላል። ሥጋው ስንት ደቂቃ እንደሚጠበስ፣ ድንቹ በምን መሣሪያ እንደሚቆረጥ፣ ሠራተኛው ምን ዓይነት ቆብ እንደሚያደርግ የሚወስነው ኩባንያው ነው። ስለ ደመወዝ በተጠየቀ ጊዜ ግን «ይህ የመደብሩ ባለቤት ጉዳይ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። የመደብሩ ባለቤት በበኩሉ «ኪራዩንና የስሙን ዋጋ ለኩባንያው ከፍዬ የሚተርፈኝ ይህ ነው፤ ከየት አምጥቼ ልጨምርላችሁ?» ይላል። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው።

ይህን ነገር እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በሚገባ እናውቀዋለን። ማመልከቻውን ይዞ ወደ አንዱ ክፍል የመጣ ባለጉዳይ «ይህ የኛ ክፍል አይደለም፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ውጣ» ይባላል። ወጥቶ ሲጠይቅ «ከታች ሳይመራ አንቀበልም» ተብሎ ይመለሳል። ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ሥራው ይዘጋል፤ ባለጉዳዩም ይደክመዋል። የአሜሪካ በርገር ጠባሽ ለብዙ ዘመን የኖረው እንደዚህ ደረጃ እንደሚመላለስ ባለጉዳይ ሆኖ ነው።

የአገሩም ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አልተመቸም። በ1935 የወጣው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ሠራተኞች እንዲደራጁ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ማኅበር የሚመሠረተው በተግባር በየመደብሩ ድምፅ እየተሰጠ ነው። በአገሩ ሁሉ የተበተኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መደብሮች አሉ፤ በእያንዳንዱም የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ የተቀጠረውም ከርሞ በዚያ አይገኝም። ከዚህም በቀር ኩባንያው ከመደብሩ ባለቤት ጋር እንደ አንድ አሠሪ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለውን ጥያቄ የሚዳኘው የመንግሥት ቦርድ ሐሳቡን እየለዋወጠ ቆይቷል። በ2015 ትርጉሙን አሰፋ፤ በ2020 አጠበበ፤ በ2023 እንደገና የሚያሰፋ ደንብ አወጣ፤ ይህንንም ደንብ በ2024 በቴክሳስ የተቀመጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የአሠሪው ማንነት የሚለወጥበት ሠራተኛ በምን ላይ ተማምኖ ይደራደራል?

እንግዲህ የነዚህ ሠራተኞች ብልሃት የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2012 በኒው ዮርክ ከተማ 200 ያህል የፈጣን ምግብ ቤት ሠራተኞች ለአንድ ቀን ሥራ አቁመው ወደ አደባባይ ወጡ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፤ በሰዓት 15 ዶላርና ማኅበር የመመሥረት መብት። በዚያን ጊዜ የኒው ዮርክ ዝቅተኛ የደመወዝ ልክ 7 ዶላር ከ25 ስለነበር፣ ከእጥፍ በላይ መጠየቃቸው ለብዙ ሰው ቀልድ መሰለው። 200 ሰዎች ደግሞ ለዚያ ታላቅ ከተማ ከቁጥር የሚገቡ አልነበሩም። የአገልግሎት ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሚባለው ታላቅ ማኅበር በገንዘብና በምክር ደግፏቸዋል። በማግሥቱ ወደ ሥራ ሲመለሱ እንዳይባረሩ የሃይማኖት አባቶችና የሰፈር ሰዎች አጅበዋቸው እስከ መደብሩ በር ይሄዱ ነበር።

በአገራችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ ደግሞም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ሠራተኞቹ እስከዚያ ቀን በፊተኛው ምሳሌ ኖረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። በ2013 መጨረሻ አድማው ወደ 100 ያህል ከተሞች ደረሰ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አቤቱታቸውን ያቀረቡበት ቦታ ነው። ኩባንያውና ባለመደብሩ እየተገፋፉ ስላስቸገሯቸው፣ ሁለቱንም ወደሚያዝ ወደ ሦስተኛው፣ ማለትም ወደ ሕግ አውጪው ዘንድ ሄዱ። ደመወዝ ከፋዩ ባይታወቅም ሕግ ቢወጣ ሁሉንም ያስገድዳልና።

የመጀመሪያው ፍሬ የታየው የኛም አገር ልጆች በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው። ከሲያትል ከተማ አጠገብ የአውሮፕላን ማረፊያው የሚገኝባት ሲታክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በማረፊያውና በዙሪያው ባሉ ሆቴሎች ከሚሠሩት መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ስደተኞች ብዙዎች ናቸው። በ2013 የከተማዋ ሕዝብ በማረፊያው አካባቢ ለሚሠሩት የሆቴልና የመጓጓዣ ሠራተኞች በሰዓት 15 ዶላር ይከፈል ወይስ አይከፈል በሚለው ላይ ድምፅ ሰጠ። ስድስት ሺህ ያህል ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ሐሳቡ የጸደቀው በ77 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትጠቅማለች?» የሚል ሰው ይህን ቁጥር ቢያስታውስ መልካም ነው። ለበዓል ከዚያ አገር ገንዘብ የሚላክልን ሰዎችም፣ ያ ገንዘብ በስንት ሰዓት ሥራ እንደተገኘ፣ ሰዓቱም በምን ትግል እንደተወደደ ብናስብ አይከፋም።

በሚቀጥለው ዓመት በ2014 የሲያትል ከተማ ምክር ቤት ደመወዙ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ዶላር እንዲያድግ ወሰነ። የዚህ ሕግ ፍሬ ነገር ለተነሣንበት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነው። ሕጉ ትልልቆቹ አሠሪዎች ቶሎ፣ ትንንሾቹ ቀስ ብለው እንዲከፍሉ ካዘዘ በኋላ፣ የታወቀ የንግድ ስም የተሸከመ መደብር ግን ሠራተኞቹ ጥቂት ቢሆኑም በስሙ ከሚጠሩት መደብሮች ሁሉ ጋር ተደምሮ እንደ ትልቅ አሠሪ ይቆጠራል አለ። የፍራንቻይዝ ነጋዴዎች ማኅበር ይህን በመቃወም ከሰሰ፤ ክሱም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ በ2016 ሳይሳካለት ቀረ።

በኒው ዮርክም በ2015 አገረ ገዥው የደመወዝ ቦርድ ሰበሰበ። ቦርዱ አንድ ሰው ከአሠሪዎች ወገን፣ አንድ ሰው ከሠራተኞች ወገን፣ አንድ ሰው ከሕዝብ ወገን የተቀመጡበት ነበር። ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና ሌሎችም ቃላቸውን ሰጡ። በመጨረሻም በአገሩ ውስጥ 30 ወይም ከዚያ በላይ መደብር ያላቸው የፈጣን ምግብ ቤቶች በኒው ዮርክ ከተማ በ2018 መጨረሻ፣ በቀረው ግዛት ደግሞ በ2021 ወደ 15 ዶላር እንዲደርሱ ተወሰነ። ከስድስት ዓመት በፊት ቀልድ የመሰለው ቁጥር ሕግ ሆነ። የከተማይቱ ምክር ቤትም የሥራ ሰዓት ከ14 ቀን በፊት ለሠራተኛው እንዲነገረው፣ በኋላም ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ እንዳይሰናበት የሚያዝዙ ሕጎች አወጣ።

አሁን ባልደረባችን ወዳነሣው ወደ ካሊፎርኒያው 20 ዶላር እንመለስ። በ2022 የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም የፈጣን ምግብ ቤቶችን ደመወዝና የሥራ ሁኔታ የሚወስን ጉባኤ የሚያቋቁም ሕግ ፈረሙ። ኩባንያዎቹ ሕጉ በሕዝብ ድምፅ እንዲሻር ፊርማ አሰባስበው አገዱት። ከዚያም በ2023 ሁለቱ ወገኖች ተደራድረው ታረቁ። በዕርቁ መሠረት በአገሩ ውስጥ 60 ወይም ከዚያ በላይ መደብር ላላቸው ድርጅቶች ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደመወዙ በሰዓት 20 ዶላር ሆነ፤ ይህም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። ድምፅ የሚሰጡ ዘጠኝ አባላት ያሉበት ጉባኤም ተቋቋመ፤ ሁለቱ ከኩባንያዎች፣ ሁለቱ ከባለመደብሮች፣ ሁለቱ ከሠራተኞች፣ ሁለቱ ከሠራተኞች ተሟጋቾች፣ አንዱ ሰብሳቢ ከሕዝብ ወገን ናቸው።

ነገር ግን በዚህ ዕርቅ ውስጥ ለ20ው ዶላር ሲባል የተተወ አንድ ነገር ነበር። ሠራተኞቹ ይዘውት የተነሡት ሐሳብ፣ በመደብሩ ውስጥ ሕግ ሲጣስ ስሙ የተለጠፈው ኩባንያም ከባለመደብሩ ጋር አብሮ እንዲጠየቅ የሚል ነበር። ኩባንያዎቹ ይህ እንዲነሣላቸው ፈለጉ፤ ተነሣላቸውም። በእኔ አስተያየት ከነገሩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ባለጸጋው ኩባንያ ደመወዝ መጨመሩን ተቀበለ፤ «አሠሪው እኔ ነኝ» ማለትን ግን አልተቀበለም። ይህም ከሁለቱ ነገሮች የቱ እንደሚከብደው ያሳየናል። ደመወዝ ዛሬ ተጨምሮ ነገ በኑሮ ውድነት ሊበላ ይችላል፤ አሠሪነት ግን አንድ ጊዜ ከታመነ በየዓመቱ የሚያስጠይቅ ነው።

ስለ ጉዳዩ ስጽፍ የተቃዋሚውን ወገን አስተያየት ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርዴ የተዛባ ይሆናል። ደመወዝ በሕግ ሲጨመር የምግቡ ዋጋ ይወደዳል፣ ሥራም ይቀንሳል የሚሉ አሉ። በካሊፎርኒያ ስለተደረገው ጭማሪ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት የሥራ ቅናሽ እንዳላገኙና ዋጋው 3 ከመቶ ከ7 ያህል፣ ማለትም በ4 ዶላር በርገር ላይ 15 ሳንቲም ገደማ እንደጨመረ ጽፈዋል። በ2025 የወጣ የሌሎች የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ጥናት ደግሞ 18 ሺህ ያህል የሥራ ቦታ ታጥቷል ይላል። እኔ በሁለቱ መካከል ለመፍረድ ሙያው የለኝም። ነገር ግን በሁለተኛው ጥናት እንኳ ብንሄድ፣ ከግማሽ ሚሊዮን ሠራተኞች አብዛኞቹ በቦታቸው ሆነው የተሻለ ደመወዝ አግኝተዋል። ሥራ ላጡት ማዘን ተገቢ ነው፤ ለእነርሱ ተብሎ ግን ሌላው ሁሉ በሁለት ሥራ እየተንከራተተ ይኑር ማለት ፍርድ አይሆንም።

ሌላ መንገድ እንዳለም የዴንማርክ ታሪክ ያስረዳል። በዚያ አገር ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስነው የመንግሥት ሕግ ሳይሆን የሠራተኞችና የአሠሪዎች ማኅበራት የሚያደርጉት የኅብረት ስምምነት ነው። ማክዶናልድስ በ1981 ዴንማርክ ሲገባ ይህን ስምምነት አልፈርምም ብሎ ለብዙ ዓመት ቆየ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን የሌላው ሙያ ሠራተኞች ለምግብ ቤቶቹ ሠራተኞች አገዙ። የወደብ ሠራተኞች ዕቃውን ከመርከብ አናወርድም አሉ፤ አታሚዎች የኩባያውን ወረቀት አናትምም አሉ፤ የጭነት መኪና ነጂዎች ምግቡን አናደርስም አሉ፤ ግንበኞች አዲስ መደብር አንሠራም አሉ። በ1989 ኩባንያው እሺ ብሎ ወደ ስምምነቱ ገባ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያችን በሰሜን አውሮጳም የሚሠራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በዴንማርክ ሠራተኛው አስቀድሞ የመደራደሪያ ወንበር አገኘ፤ ደመወዙ ከወንበሩ መጣ። በአሜሪካ ደመወዙ መጣ፤ ወንበሩ ግን በየመደብሩ ገና አልተገኘም። በ2012 ከተጠየቁት ሁለት ነገሮች አንዱ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ተፈጸመ፤ ሁለተኛው ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እኛን ምን ያህል ይመለከተናል የሚለውን አንሥቼ ልጨርስ። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን የበርገርና የፒዛ ቤት መብዛቱን የማያይ የለም። የውጭ አገር የንግድ ስም በውል ተቀብሎ መሥራትም ወደ አገራችን ገብቷል፤ ለምሳሌ ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው በዚሁ ዓይነት አሠራር ነው። ይህን የምለው በማንም ላይ ክስ ለማቅረብ ሳይሆን አሠራሩ እንግዳ አለመሆኑን ለማመልከት ነው።

የእኅቴ ልጅ ስሙን ልጠራው በማልፈልገው በአንድ የከተማችን ምግብ ቤት ታገለግላለች። ከደመወዟ እኩሌታው በታክሲ ያልቃል፤ የቀረውን የምትሞላው እንግዳ በሚሰጣት ጉርሻ ነው። አንድ ወር ብርጭቆና ሳሕን ተሰበረ ተብሎ ከደመወዟ ተቀነሰባት። ኃላፊውን ስትጠይቀው «ባለቤቱን ጠይቂ» አላት፤ ባለቤቱን ስትጠይቃቸው «እኔ ቤቱን ለኃላፊው ሰጥቻለሁ» አሏት። እኔ ዘንድ መጥታ «አባባ፣ እኔን የቀጠረኝ ማነው?» ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ፣ በሻይ ሰዓት የሳቅነው ሳቅ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። የካሊፎርኒያው ሰው ጥያቄ ከቤቴ ገብቶ ከፊቴ ተቀምጧልና።

የሚያስደስተው ነገር ሕጋችን ለዚህ መልስ የሌለው አለመሆኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ እንዳይቀነስ ይከለክላል፤ ቢቀነስም ከወር ደመወዙ ሢሶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር እንዲመሠረት ይፈቅዳል። ከዚህም አልፎ፣ ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ቁጥራቸው ከአሥር እስካላነሰ ድረስ ተሰባስበው አንድ ጠቅላላ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ። ይህ አንቀጽ ለትንንሽ ምግብ ቤቶች ሠራተኞች የተጻፈ ይመስላል፤ የአሜሪካው በርገር ጠባሽ ቢያገኘው በወደደው ነበር። አዋጁ እንደዚሁም የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ወገኖች የሚገኙበት፣ ዝቅተኛውን የደመወዝ ልክ በጥናት የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይደነግጋል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ የምንተዳደር ስለሆንን ጉዳዩ አይነካንም ብለን ማለፍ አይገባንም። ደንቡን የሚያረቁት፣ የሥራ ቦታውን የሚቆጣጠሩት፣ አቤቱታውን የሚቀበሉት ከእኛው መካከል ያሉ ሰዎች ናቸው። በምሳ ሰዓት የምንስተናገደውም በነዚሁ ልጆች እጅ ነው፤ ልጆቹም የእኛው ናቸው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ በደመወዝ ቦርዱ ሥራ ላይ የምግብ ቤት ሠራተኞች ነገር እንዳይዘነጋ፤ በኒው ዮርክ እንደተደረገውም ሠራተኞቹ ራሳቸው ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡ። ሁለተኛ፣ የንግድ ስም ወይም ቤት በውል ለሌላ ሲተላለፍ፣ ለሠራተኛው ተጠያቂው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ። ሦስተኛ፣ ስለ ማኅበር የተጻፈው አንቀጽ ሠራተኞቹ በሚያውቁት መንገድ፣ በሬዲዮም በጋዜጣም እንዲነገራቸው፤ የማያውቁት መብት እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና።

ለባለንብረቶችም አንድ ቃል አለኝ። ደመወዙ የሚያኖረው ሠራተኛ ከዓመት ዓመት በቦታው ይቆያል፤ ሙያውም ይሻሻላል፤ እንግዳውንም በፈገግታ ይቀበላል። በየወሩ አዲስ ሰው እያስተማሩ መኖር ራሱ ወጪ ነው።

የሥራ ባልደረባችን «ምን ጎደለባቸው?» ብሎ ለጠየቀው መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። የጎደለባቸው፣ «ደመወዝ ከፋይህ እኔ ነኝ፤ ና ተቀመጥና እንነጋገር» የሚላቸው ሰው ነው። ይህ ሰው እስኪገኝ ድረስ ሕግና ማኅበር በቦታው ሊቆሙላቸው ይገባል። እኔም ለእኅቴ ልጅ የአዋጁን ገጽ አባዝቼ ሰጥቻታለሁ፤ እርሷም ከጎረቤት ካሉት ሁለት ምግብ ቤቶች ሠራተኞች ጋር ቁጥራቸው አሥር ይሞላ እንደሆነ በመቁጠር ላይ ናት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ